ከአፍ ይቅር፣ ከእጅ ይምጣ

በዚህች ከተማ ሐኪም ለመሆን ዓመታት ዩኒቨርሲቲ መንከራተት አያስፈልግም፤ አራስ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። አንድ ኪሎ ሙዝ አንጠልጥሎ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ የገባ ሁሉ፣ የቀረበለትን ገንፎ በልቶ ሲጨርስ የሕፃናት ስፔሻሊስት ሆኖ ይወጣል። ሕፃኑ በዚያች ሰዓት ካለቀሰ ደግሞ አለቀ፤ ምርመራውም እዚያው፣ ማዘዣውም እዚያው ነው። "ሆዱን ነው!" በሚለው ሁሉም ይስማማል። በመድኃኒቱ ላይ ግን ሁለት ሰው አይስማማም።

እኛም ወልደን አየነው። እኛ ስንል ሁለት የወር ደመወዝተኞች፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በፈረቃ። ልጃችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጨዋ ነበረች፤ ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ እንደገና ትጠባለች። በሦስተኛው ሳምንት አመል አወጣች። ቀኑን ደህና ትውልና ልክ የምሽቱ የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር እሷም የራሷን ዜና ትጀምራለች። እግሮቿን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች፣ ፊቷ በርበሬ ይመስላል፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ጡት ትይዝና ትለቃለች፣ መሐል ላይ ከዚያች ትንሽ ገላ ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ፈስ ይመጣል። እስከ አምስት ሰዓት። በነጋታውም እንደዚያው።

የታዘዘልንን መድኃኒት ዝርዝር እነሆ። የበር ጎረቤታችን፦ "ስኳር በለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ጠብ አድርጉላት።" ከክፍለ ሀገር የመጣችው አክስት፦ "ጤና አዳም ጨምቃችሁ ስጧት።" የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፦ "ግራይፕ ወተር ግዙ፤ ሦስቱንም ልጆቼን በሱ ነው ያሳደግኋቸው።" አንዲት እናት ደግሞ ልጅቷን አተኩረው አይተው "እንጥሏ ወርዶ ይሆናል፤ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ" አሉ። ሴት አያቷም ከጓዳ ብቅ ብለው፦ "ልጄ፣ በጣትሽ ጫፍ ትንሽ ለጋ ቅቤ አልሺያት፤ አንጀቷን ያለሰልስላታል። አንቺንስ በምን ያሳደግሁሽ ይመስልሻል?"

ለእናቲቱም የተለየ ማዘዣ ነበራት። "ሽሮ በልተሽ ነው።" "ጎመን አቁሚ።" "ጡትሽን ብርድ መትቶት ነው።" ከሁሉም የከፋችው ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የተነገረችው ናት፦ "ወተትሽ አልበቃት ብሎ ይሆናል እኮ..."

እዚህች ላይ ቆም እንበል። ሌሎቹ ምክሮች በሕፃኗ ሆድ ላይ የተነጣጠሩ ናቸው። ይቺ ግን የገባችው እናቲቱ ልብ ውስጥ ነው። የሦስት ሳምንት አራስ፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ስፌቷ ገና ያልዳነ፣ ልጇ ጡቷን ተፍታ የምትጮኽባት ሴት "ወተትሽ አልበቃም" ስትባል ምን እንደምታደርግ ይታወቃል። መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ ቀጥሎ የዱቄት ወተት ዋጋ ታጠያይቃለች። ጡጦ ሲገባ ልጅ ከጡት የሚስበው ይቀንሳል፤ ልጅ ካልሳበው ደግሞ ጡት የሚያመርተው ይቀንሳል። መጀመሪያ እውነት ያልነበረው ነገር በወሩ እውነት ሆኖ ይቆማል።

ስለዚህ ከዝርዝሩ አንዱንም ሳንነካ ልጅቷን አቅፈን ሐኪም ዘንድ ሄድን። መዘኗት፤ ክብደቷ በደንብ ጨምሯል። ትኩሳት የላትም። ሆዷን ነካክተው፣ ስለ ሽንቷና ስለ ዓይነ ምድሯ ጠይቀው፣ ስትጠባ አይተው "ጤነኛ ናት፤ ኮሊክ ነው" አሉን። ይህን ቃል ይዘን ገብተን አነበብን፣ የሚያውቅ ጠየቅን። ያገኘነው ይህ ነው።

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሞሪስ ዌሰልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሊክን በሦስት ቁጥር ቀመሩት፦ በደንብ የሚጠባና ጤነኛ የሆነ ሕፃን በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ካለቀሰ ኮሊክ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ሰዓት መቁጠሩን ተወት አድርገውታል፤ መልኩ ግን ያው ነው። ልቅሶው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይጀምራል፣ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጣራ ይነካል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይረግባል። በእኛ አቆጣጠር ስናሰላው ነገሩ ግልጥ ይላል፦ ወንድ ልጅ ክርስትና በሚነሣበት በአርባ ቀን አካባቢ ከፍታው ላይ ይደርሳል፤ በሴቷ ሰማንያ አካባቢ ቁልቁለቱን ይዟል።

ጋዙስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ነገሩን ገልብጠን ነው የያዝነው። ሕፃን ሲያለቅስ አየር ይውጣል። ብዙ ሲያለቅስ ብዙ ይውጣል፤ ሆዱም ይነፋል። ስለዚህ የተነፋው ሆድ ብዙ ጊዜ የልቅሶው ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። እግር መሰብሰቡና ፊት መቅላቱም ሕፃን በማናቸውም ምክንያት አምርሮ ሲያለቅስ የሚያሳየው ነው። የኮሊክ ትክክለኛ መነሻ እስካሁን በአንድ ነገር ላይ ያልተቋጨ ሲሆን፣ ገና እየተደራጀ ያለ አንጀትና ገና እየተደራጀ ያለ የነርቭ ሥርዓት አብረው ይጠቀሳሉ። የእናቲቱ ሽሮ ግን ነፃ ይውጣ፤ እናት በልታ ሆዷን ቢነፋት ጋዙ በአንጀቷ ውስጥ ይቀራል እንጂ በደም ተሻግሮ ወተት ውስጥ አይገባም። የላም ወተት ፕሮቲን የማይስማማቸው ጥቂት ሕፃናት አሉ፤ እሱን ግን ሐኪም ይለየው እንጂ የአራስ ጠያቂ ጉባኤ አይወስነው።

መድኃኒት የተባሉትን ደግሞ አንድ በአንድ እንያቸው። ግራይፕ ወተር እ.ኤ.አ. በ1851 ኖቲንግሃም፣ እንግሊዝ አገር፣ ዊልያም ዉድዋርድ በተባለ ፋርማሲስት የተቀመመ ነው። የድሮው ቅመም ውስጥ አልኮል ነበረበት፤ እንግሊዞች ከውስጡ ያወጡት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሕፃን ለምን ጸጥ ይል እንደነበር ይኼው! የዛሬው አልኮል የለውም፤ ኮሊክን እንደሚያቆም የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃም የለውም። ሲሜቲኮን የሚባለው የጋዝ ጠብታ ከባዶ ጠብታ ጋር ተወዳድሮ አልበለጠም። ጤና አዳም ለቡና ይሁን፤ ለአራስ ሕፃን መጠኑ የማይታወቅ ቅጠል ነው። ስኳር ውሃውም ያችን ትንሽ ጨጓራ ይሞላል እንጂ አይመግባትም፤ ጀርም ይዞም ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልጋቸውም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅቤና እንጥል ደግሞ ከጤና ምክር አልፈው ሕግ ውስጥ ገብተዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 561 ጨቅላ ሕፃንን ቅቤ ማዋጥንና እንጥል መቁረጥን በስም ጠርቶ፣ ሕፃኑ በዚያ ሰበብ ከሞተ አድራጊውን ይቀጣል። ሕግ አውጪው ስለ ቅቤ የጻፈው ቅቤ ጠልቶ አይደለም። ልጅ ስለ ሞተ ነው።

እንግዲህ አያትየውን ምን እንበላቸው? "እማማ፣ የእርስዎ ዘመን አልፏል" ብለን ጓዳ እንመልሳቸው? በፍጹም። አንድ ማታ፣ ልቅሶው በተጋጋለበት ሰዓት፣ አባትየው ቀስ ብሎ "እማማ፣ ቅቤውን ይተዉትና እስቲ እርስዎ ይያዟት" አላቸው። ቅር እያላቸው ተቀበሏት። ክንዳቸው ላይ በሆዷ አስተኟት፣ ጭንቅላቷን ክርናቸው ላይ ደገፉት፣ በሌላው እጃቸው ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ ያቺን የዱሮ እሹሩሩ ጀመሩ። ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን። ወዲያው ጸጥ አላለችም፤ ተአምር አንተርክም። ግን ጩኸቱ ወደ ማጉረምረም ወረደ፣ ግሳት መጣ፣ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ወተት ወጣ። እናቲቱም በዚያች ግማሽ ሰዓት ተኛች። አያትየው ቅቤውን ያነሡት ቡና ሲፈላ ለፀጉራቸው ነው።

ያን ማታ የገባን ነገር ይሄ ነው። ክርክሩ በባህልና በዘመናዊነት መካከል አይደለም። ቅቤው የባህል ነው፣ ግራይፕ ወተሩ የፋርማሲ ነው፤ ሁለቱም በአፍ የሚገቡ ናቸው፣ ሁለቱም ይቅሩ። እሹሩሩው የባህል ነው፣ ነርሷ ያሳየችን አያያዝ የሆስፒታል ነው፤ ሁለቱም ከእጅ የሚመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ይምጡ። ከአፍ የሚገባው የጡት ወተትና ሐኪም ያዘዘው ብቻ ይሁን።

ከእጅ የሚመጣው ምን ምን ነው? አጎራረስ አንዱ ነው። የጡት ጫፏን ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ያለውን ጠቆር ያለ ክፍልም አፏ ሞልቶ እንድትይዝ ማድረግ፤ ያኔ የምትውጠው አየር ይቀንሳል። ስትጠባ ጭንቅላቷን ከሆዷ ከፍ ማድረግ። መሐል ላይና ሲያልቅ ትከሻ ላይ አቁሞ ማስገሳት። በጀርባዋ አስተኝቶ እግሮቿን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ማንቀሳቀስ፣ ሆዷን በሞቀ እጅ በሰዓት አቅጣጫ በቀስታ ማሸት። ደረት ላይ አድርጎ በጋቢ ሸብ አድርጎ መዞር። በሆድ ማስተኛት ግን ነቅተን ስናቅፋት ብቻ ነው፤ አልጋ ላይ ሁልጊዜ በጀርባዋ ትተኛ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እነዚህም ፈውስ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞንትሪያል ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ከወትሮው የበለጠ የታቀፉ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ካልታቀፉት በ43 በመቶ ያነሰ አልቅሰዋል። ኮሊክ በያዛቸው ሕፃናት ላይ ሲሞከር ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ታዲያ ለምን እናቅፋለን? ኮሊክን የሚያድነው ጊዜ ነው። እጅ የሚሠራው ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ሁሉንም ማሻገር ነው።

የእጅ ቁጥር ላይ ግን ችግር አለ። ድሮ አራስ ቤት እናት፣ አክስት፣ እህትና ጎረቤት በተራ የሚገቡበት ቤት ነበር። ዛሬ አያቶች ከሳምንት በኋላ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ የኛ ሴትዮ ሁለት ወር መቆየታቸው ዕድላችን ነው። አባትስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ሦስት ቀን! ልቅሶው የሚጀምረው በሦስተኛው ሳምንት፣ የአባት ፈቃድ የሚያልቀው በሦስተኛው ቀን። በስድስተኛው ሳምንት እናቲቱ በአራት ግድግዳ ውስጥ ብቻዋን ጩኸት ታዳምጣለች። ሰው እንዲህ ሲደክም እጁ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ሕፃንን መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማ፣ ሊገድለውም ይችላል። ሲመርር ልጅን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ በር ዘግቶ፣ አምስት ደቂቃ በረንዳ ላይ መተንፈስ ክፋት አይደለም። ልጁ ቢያለቅስም ደህና ነው።

"ያልፋል" የማይባልባቸውን ምልክቶችም እንወቅ፦ ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ዓይነ ምድር ላይ ደም፣ ወጥሮ የማይለቅ ሆድ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ መዛል፣ ክብደት አለመጨመር። እነዚህ ኮሊክ አይደሉም፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ያስኬዳሉ።

የእኛዋ አሁን አምስት ወሯ ነው። የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ለጋዜጠኛው ትስቅለታለች።

ወዳጆቻችን፣ በዚህ ሳምንት አራስ ልትጠይቁ ካሰባችሁ ሙዙን ያዙ፤ ደግ ነው። ስትገቡ እጃችሁን ታጠቡ። ጉንፋን ካለባችሁ ደውሉና ሌላ ቀን ሂዱ። ሕፃኑ ካለቀሰ "ሆዱን ነው" ለማለት አትቸኩሉ፤ "ስጪኝ፣ አንቺ ትንሽ ተኚ" በሏት።