ለጸሎት ነው ወይስ ለጉብኝት?



ባለፈው ዓመት ለአንዲት እህታችን ሠርግ ከጀርመን ወደ ሮም ሄደን ነበር። ስድስት ሆነን ነው የሄድነው፤ ከመካከላችን አንዷ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ናቸው። በሠርጉ ማግስት ከተማውን ስንዞር ፓንቴዮን ደረስን። ሰልፉ ረጅም ነው። እማማ፣ "ምን ሊታደል ነው ሰዉ የተሰለፈው?" አሉ። ሕንጻው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ ለመግባት ግን ትኬት እንደሚቆረጥ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ "የእግዚአብሔር ቤት በር ላይ ነው የሚከፈለው?" አሉን።

መልስ አልነበረንም። ፓንቴዮን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን የተሠራ የጣዖት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ609 ጳጳስ ቦኒፋስ አራተኛ ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ እስከ ዛሬም ቅዳሴ ይቀደስበታል። በጁላይ 2023 ግን ጎብኚ 5 ዩሮ እንዲከፍል ተደረገ። ከገቢው 70 በመቶው ለጣሊያን የባህል ሚኒስቴር፣ 30 በመቶው ለሮም ሀገረ ስብከት ነው። የሮም ነዋሪና ለቅዳሴ የሚመጣ አይከፍልም። (በእኛም አገር ላሊበላ የሚከፍለው ከውጭ የመጣው ጎብኚ ነው።)

ከእኛ ውስጥ አንዱ ወጣት ወዲያው ሉተርን ጠራ። "ድሮም የስርየት ወረቀት ሲሸጡ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ትኬት!" አለ። ሳቅን። ሲታሰብ ግን ፍርዱ ትክክል አልነበረም። ትኬት ቆራጯ ለማንም የኃጢአት ስርየት አልሸጠችም። የሺህ ዓመት ጣሪያ ያፈሳል፣ ጥበቃ ደመወዝ ይፈልጋል፣ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር እግር የሚረግጠው ወለል ያልቃል። ደግሞም በ1517 ሉተርን ያስቆጣው የስርየት ወረቀት ገንዘብ የተሰበሰበለት የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ዛሬ በነጻ ይገባበታል፤ የሚከፈለው ጉልላቱ ላይ ለመውጣት ነው።

ካቶሊኮቹ ራሳቸውም በዚህ ጉዳይ አንድ አሳብ የላቸውም። የ1983ቱ ሕገ ቀኖናቸው በቁጥር 1221 በአምልኮ ሰዓት መግቢያው ነጻ ይሁን ይላል። የጣሊያን ጳጳሳት በ2012 ባወጡት ጽሑፍ ክፍት የሆነ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም በነጻ ሊገባበት እንደሚገባ አሳስበዋል። በኦክቶበር 2024 ደግሞ የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር ራሺዳ ዳቲ የፓሪሱን ኖትርዳም የሚጎበኝ 5 ዩሮ እንዲከፍልና ገንዘቡ በመላው ፈረንሳይ ለሚፈርሱ አብያተ ክርስቲያናት ማደሻ እንዲውል አሳብ አቀረቡ። ዓላማው መልካም ነበር፤ የፓሪስ ሀገረ ስብከት ግን አልተቀበለውም። የሚላኖ ካቴድራል መካከለኛ መንገድ መርጧል፤ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ በአንድ በኩል ይገባል፣ ለጸሎት የመጣ ሳይከፍል በሌላ በኩል።

ሁለት በር ጥሩ መፍትሔ ይመስላል። ሰልፉ ላይ ቆመን ይህንኑ ስናወራ ግን ዝም ብሎ ይሰማን የነበረ አንድ ወንድማችን ተናገረ። እርሱ በሊቢያ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ጣሊያን የገባ ነው። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ሮም ውስጥ የሚያድርበት መጠለያ ጠዋት ተዘግቶ ማታ ይከፈት ስለነበር ቀኑን የሚገፋው በየቤተ ክርስቲያኑ ተቀምጦ ነበር።

"ያኔ በር ላይ 'ለጸሎት ነው ወይስ ለጉብኝት?' ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ 'እግሬን ለማሳረፍ' ነበር የምለው" አለን። "ሰባራ ሳንቲም አልነበረኝም። አንድ ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ድንገት አለቀስኩ። ባሕር ላይ የቀሩት ጓደኞቼ ከሞቱ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ጠባቂው ሽማግሌ አየኝና ምንም ሳይለኝ አለፈ።"

ይህ ወንድም ጌታን የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ በሐበሾች ኅብረት ውስጥ ነው። ምስክርነቱን ግን ሁልጊዜ ከዚያ ወንበር ይጀምራል።

ከሰዓት በኋላ ቅዱስ ጴጥሮስ ሄድን። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ በጥንት ዘመን የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት የነበረ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚያ ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። ወንጌል በግዕዝ የታተመው እንግዳ በተቀበለ ቤት ውስጥ በኖሩ ሰዎች እጅ ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ፣ "ለእነርሱ ትኬት የጠየቃቸው አልነበረማ!" አሉ።

ማታ ማርቆስ 11ን አነበብን። ጌታ ገበታዎቹን የገለበጠው እስራኤላውያን በሚጸልዩበት በውስጠኛው አደባባይ ውስጥ አልነበረም፤ በአሕዛብ አደባባይ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው ሊደርስ የሚችለው እስከዚያ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የሚያልፍ ባዕድ እንደሚሞት በድንጋይ ላይ ተጽፎ ነበር። ሻጮቹም ምክንያት ነበራቸው፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ለመሥዋዕት ርግብ፣ ለቤተ መቅደሱ ግብር የተመነዘረ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ሥራው ለአምልኮ አስፈላጊ ነበር። ብቻ የተደረገው ገና ወደ ውስጥ ባልዘለቀው ሰው ቦታ ላይ ነው። ጌታም ያን ቀን ቤቱ የሕዝብ ሁሉ የጸሎት ስፍራ መሆኑን ከኢሳይያስ ጠቅሶ ተናገረ።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ነገር ግን ያን ምሽት አንዳችንም ሌላውን ቀና ብለን አላየንም፤ ሁላችንም አንድ ነገር አስታውሰን ነበርና።

ከዚያ በፊት በነበረው መጸው ኅብረታችን ኮንፍራንስ አዘጋጅቶ ነበር። አዳራሽ ተከራይተን፣ ዘማሪ ከአገር ቤት አስመጥተን፣ መግቢያውን 30 ዩሮ አደረግን። በር ላይ የቆምነው እኛ ነበርን። ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ አንዲት ልጅ መጣች፤ ከስደተኞች ካምፕ በባቡር እንደመጣች ነገረችን። ትኬት ጠየቅናት። "ጴንጤ አይደለሁም፤ መዝሙሩን ትንሽ ልስማ ብዬ ነው" አለችን። "ለአንድ ከፈቀድን ለሁሉም መፍቀድ አለብን" ብለን መለስናት። ጥቂት ቆማ ከውጭ አዳመጠች፤ ከዚያ ሄደች። ኋላ ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

ለዘንድሮው ኮንፍራንስ ስብሰባ ስንቀመጥ ይህን ለሽማግሌዎች ነገርናቸው። በሩ ነጻ ይሁን፣ ወጪው በመባ ይሸፈን አልን። ገንዘብ ያዣችን የአምናው የአዳራሽ ዕዳ ገና እንዳላለቀ አስታወሰን፤ እውነቱን ነው፤ ወረቀቱንም አሳየን። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

እስከዚያ ልጅቷን ለመጋበዝ ፈልገን ነበር። ግን ያን ቀን የጠየቅናት ትኬቷን ብቻ ነው፤ ስሟን አልጠየቅናትም።