ጋዙ ሲያልቅ

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባባ ወደ ሜሪላንድ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። እሷ ጠላ ትጠምቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቤቴ ቢራ እጠምቃለሁ። አባባ እንዲቀምሱልኝ 19 ሊትር የሚይዘውን የቢራ በርሜሌን ተሸክሜ ወደ አክስቴ ጓሮ ሄድኩ።

ቢራው ከበርሜሉ እንዲወጣ የሚገፋው ጋዝ ያስፈልጋል። ትልቁ ሲሊንደር ለጉዞ ይከብዳል። የእጅ ፓምፕ አየር ያስገባል፤ ኦክስጅን የገባበት ቢራ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ጣት የሚያካክሉ፣ ባለ 16 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርትሪጆች ሁለት ኪሴ ከተትኩ።

በርሜሉ ሲጋመስ ቢራው ቆመ። ኢንጂነር ተብዬ፣ ቢራው የለቀቀውን ቦታ ሁሉ ጋዙ ግፊቱን ሳይቀንስ መሙላት እንዳለበት ረስቻለሁ! በ0.8 ባር ግፊት በርሜሉን ለመጨረስ 65 ግራም ገደማ ይፈልጋል። አምስት ካርትሪጅ መያዝ ነበረብኝ።

አባባ ሳቁ። «ክዳኑን ክፈተው በቃ። እናትህ ጋኑን በምን ጋዝ ነበር የምትገፋው?»

«ከተከፈተ ዛሬውኑ ማለቅ አለበት» አልኳቸው።

«ታዲያ ሰው የጠራነው ለምንድነው?»

ግፊቱን አስተንፍሼ ከፈትኩት። እኔ በርሜሉን ዘንበል አደረግኩ፤ እሳቸው ጆጉን ያዙ። መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ፣ እናቴ ታደርግ እንደነበረው። ከዚያ ለእንግዳው ሁሉ ቀዱ።