ስኳር ያለበት ሰው ሳይክል ይነዳል ወይ?

ባለቤቴ መጋቢ ነው። የስኳር ሕመም እንዳለበት ካወቅን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖናል። መጀመሪያ በኪኒን ነበር፤ ከአምስት ዓመት ወዲህ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል። ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው፤ እንዲያውም «ጻፊው» ያለኝ እርሱ ነው።

የአገልጋይ ሚስት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ በቤታችን የገባ ሕመም የቤታችን ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጉባኤው ሁለት ሦስት ሳምንት በትጋት ይጸልያል። ከዚያ በኋላ «ፓስተር አሁንም አልተሻላቸውም?» መባል ይጀመራል። በፍቅር ነው የሚጠይቁት፤ ከሥሩ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ለሌላው ሲጸልይ የሚሰማለት ሰው ለራሱ ለምን አልሆነለትም? አንድ ጊዜ በሦስት ቀን ጾም ጸሎት መካከል ስኳሩ ወርዶ እጁ ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቀው አይቼ፣ ወደ ጓዳ ወስጄ ስኳር በጥብጬ አጠጣሁት። ያየ ሰው ነበር። እሑድ ሳይደርስ «ፓስተር ጾሙን ፈቱ» የሚለው ወሬ ጀሞን ዞሮ ጨረሰው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ጾም ረጅም ጽሑፍ ሠርቼ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ፤ ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ምግብ ካልቀመሰ ራሱን ስቶ ሊወድቅ እንደሚችል ያነሣ አስተማሪ ግን አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታምሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት መሄዱን ሳያፍር ጽፎልናል።

ከወሬው የከፋም አይቻለሁ። በጉባኤያችን ያለች የአንዲት እህት ልጅ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወስዳለች። የእርሷ ዓይነቱ ስኳር ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት ስለሆነ፣ መርፌው ለእርሷ እንደ እንጀራ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአንድ የፈውስ ፕሮግራም ላይ «ተፈውሰሻል፤ መድኃኒቱን ጣይው» ተባለች። ልጅ ናት፣ አመነች። በማግስቱ ያስመልሳት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ እየፈጠነና እየጠለቀ ሄደ፤ አፏም እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት ነበር። ሌሊት በታክሲ ሆስፒታል አደረስናት፣ አምስት ቀን ተኝታ ተረፈች፤ ስሙ ይባረክ። መድኃኒቱን ያስጣላት ሰው ግን እስከ ዛሬ «እንዴት ሆነች?» ብሎ አልጠየቀም። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ የተፈወሱም አውቃለሁ። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ በካህን እንዲታይ ልኮት የለም? ታዲያ ሐኪም ሳያይ መድኃኒት አስቁሞ የሚሄድ ምን ዓይነት እረኛ ነው?

ስለ ሳይክል ያነሣችልን ይህችው ልጅ ናት። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በወጣቶች ኅብረት ላይ ተነሥታ ስለ ፊል ሳውዘርላንድ ተናገረች። ይህ አሜሪካዊ የስኳር ሕመም የተገኘበት ገና በሰባት ወሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሐኪሞች ለእናቱ ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ላይሞላው እንደሚችል ነገሯት። (እኔ እናት ነኝና ታሪኩን ስሰማ ያሰብኩት እርሷን ነው። ሌሊት ስንት ጊዜ እየተነሣች ሕፃኑን ነካክታው ይሆን?) ልጁ አደገ፣ ብስክሌተኛም ሆነ። በወጣትነቱ ጆ ኤልድሪጅ የሚባል ስኳር ያለበት ጓደኛ ነበረው፤ ጆ ደግሞ ራሱን የማይጠብቅ ሰው ነበር። ፊል አልገሠጸውም። አብረው ይለኩና የስኳሩ መጠን ከፍ ያለበት ምግብ እንዲጋብዝ ይወራረዱ ነበር። ጆ በዚህ ተለወጠ። የምክር አገልግሎት ትምህርት ስከታተል እንዲህ ያለ ዘዴ አልሰማሁም።

ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት ቡድን በማግስቱ ዓመት፣ ሁሉም ስኳር ያለባቸው ስምንት ሰዎች ሆኖ፣ አሜሪካን ከባሕር እስከ ባሕር በሚያቋርጠው ውድድር ተሰለፈ። መንገዱ ከ4,800 ኪሎ ሜትር አያንስም። እየተፈራረቁ፣ ቀንና ሌሊት እየነዱ ስድስት ቀን ሳይሞላ ደረሱ፤ በሦስት ደቂቃ ተቀድመው ሁለተኛ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሸነፉ። ኋላም ለውድድር ወደ ሩዋንዳ ሲመጡ ለዚያ አገር ልጆች የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ይዘው መጥተዋል።

ልጅቷ ይህን ተናግራ ስታበቃ «እኛስ ለምን እስከ ቢሾፍቱ አንነዳም?» አለች። ሰፈራችን ለሳይክል እንግዳ አይደለም፤ ከጀሞ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ የብስክሌት መስመር ከተሠራ ዓመታት አልፈዋል። አገራችንም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ እነ ገረመው ደምቦባን በብስክሌት አሰልፋ ነበር። ወጣቶቹ እቅዳቸውን አወጡ፤ ምእመናን ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የቻሉትን ቃል ይገባሉ፣ በገንዘቡም አቅም ለሌላቸው ስኳር ሕሙማን ስትሪፕ ይገዛል። ስትሪፕ አንድ ጊዜ ተለክቶበት የሚጣል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ቤት ሰዎች ኢንሱሊኑን በግምት ይወጋሉ።

ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ሲቀርብ አንድ የማከብራቸው አባት «እኛ ፈውስን የምንሰብክ ሕዝብ ነን፤ ለበሽታ ሳይክል ነድተን ዓለም ምን ይለናል?» አሉ። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። ባለቤቴም በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው ጣራ የነደሉትን አራት ሰዎች አነሣ። «ጋሼ፣ ጌታ ያየው የእነዚያን እምነት ነው፤ እነርሱ ደግሞ እምነታቸውን ያሳዩት በትከሻቸው ነው» አላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያውስ መንገድ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ይኑር» አሉ።

በተከታዩ እሑድ ባለቤቴ የኢንሱሊን ብልቃጡንና መርፌውን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። መብራት ሲጠፋብን ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እንደምናኖረው ሳይቀር ተናገረ። ከፕሮግራም በኋላ ሰባት ሰዎች «እኔም አለብኝ» እያሉ መጡ። ከእነርሱ አንዱ መድኃኒቱን ሁለት ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ሲደብቅ የኖረ ባል ነው፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ሰማችው። ያን ዕለት ያለቀሰችው ስለ ሕመሙ አልነበረም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጣፋጭ ሻይ ሳጠጣው!» ትለኝ ነበር። ባለ ትዳሮች ሆይ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ልጆች እንደምትነጋገሩ ስለ ሐኪም ወረቀትም ተነጋገሩ።

የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ከተቋቋመ አርባ ዓመት አልፎታል፤ የዓለም የስኳር ሕመም ቀንም በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 5 ይታሰባል። ወጣቶቻችን የነዱት በ2017 ዓ.ም. ከዚያ ቀን በኋላ በዋለው ቅዳሜ ነው። የልጅቷን ሐኪም አስቀድመን አማከርን፤ ጠዋት የምትወስደውን መጠን ቀነሱላት፣ በየመሐሉም እንድትለካ አዘዙ። እናቷ ግን አልረጋጉም። በመጨረሻ የፈቀዱት ከኋላ በሚከተለው ሚኒባስ ውስጥ እርሳቸውም እንዲቀመጡ ነው። ሙዝ፣ ቴምርና ግማሽ ኪሎ ስኳር በዘንቢል ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ከጀሞ በለቡና በሐና ማርያም አድርገን ቃሊቲ ስንደርስ ገና ማለዳ ነበር። አቃቂን እስክናልፍ ድረስ እናትየው ዓይናቸውን ከልጃቸው ጀርባ አላነሡም።

ዱከም መግቢያ ላይ ልጅቷ እጇን አንሥታ ቆመች። ጣቷን ወግታ ለካች፤ 64። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። እናትየው ስኳሩን በጥብጠው ሰጧት፣ አሥራ አምስት ደቂቃም ተቀመጠች። ሃያ አንዱም ወጣቶች ሳይክላቸውን አስተኝተው ዙሪያዋን ተቀመጡ፣ አንዳንዱም የእናትየውን ሙዝ ጨረሰባቸው። ደግማ ስትለካ 108 ሆነ። እልል ተባለ።

በዚህ መሐል ከመዘምራኑ አንዱ፣ አርባ ዓመት ያለፈውና ከወጣቶቹ ጋር እኩል ሲነዳ የመጣ ወንድም፣ «እስቲ እኔንም ለኪኝ፤ ሰሞኑን ውኃ ይጠማኛል፣ ሌሊትም ሽንት ቤት እመላለሳለሁ» ብሎ እየሳቀ ጣቱን ዘረጋ። ልጅቷ አዲስ መርፌና አዲስ ስትሪፕ አወጣች። 286 አለ። መሣሪያው ተሳስቶ እንዳይሆን እጁን አስታጥባ ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። ሳይክሉን ሚኒባሱ ላይ ጭነን እናትየው ቦታቸውን ለቀቁለት፤ ልጅቷ ግን ጉዞዋን ቀጥላ ቢሾፍቱ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ያንን ወንድም ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።