«እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ስንል ዘሩስ?

ዛሬ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ብቻ አልጽፍም። ሰሞኑን በየማሳው ስዞር የሰማሁትን፣ እንደ ባለሙያም እንደ ክርስቲያንም የከነከነኝን ነገር ላጫውታችሁ።

ሚያዝያ ላይ ማሽላ ዘርታችሁ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ቡቃያው የደረቀባችሁ አላችሁ። ደግማችሁ ዘርታችሁም ያልያዘላችሁ አላችሁ። አሁን ሰኔ ተጋምሷል። አንድ አባት «ሦስተኛም እዘራለሁ። ማሽላ ብዬ ተስዬ ለምኛለሁ፣ አሁን ሐሳቤን ብቀይር እምነት ማጣት ይሆንብኛል» አሉኝ። ጎተራቸው ውስጥ የቀረችው ማሽላ ግን ዘርም ናት፣ ቤተሰቡ ክረምቱን የሚሻገርባት እህልም ናት።

ለእሳቸው ያልኩትን ለእናንተም ልበል። የለመናችሁት የልጆቻችሁን እንጀራ ነው፤ ማሽላው መንገዱ ነው። ብዙ ወር የሚፈልገው ማሽላ አሁን ቢዘራ ዝናቡ ሲወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። (ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ካገኛችሁ ሌላ ጉዳይ ነው።) አባቶቻችን ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ማሽላው እምቢ ሲል ማሳውን ገልብጠው ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘሩ ነበር፤ እሱም ካልሆነ ጥቁር አፈር ያለው ሰው መስከረም ላይ መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ያወጣል። ታዲያ እነሱ እምነት አልነበራቸውም ልንል ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስን እዩት። ወደ ቢታንያ ሊሄድ አስቦ መንገዱ ተከለከለበት፤ በጢሮአዳ በኩል ወደ መቄዶንያ ተሻገረ። የሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ታገኙታላችሁ። በዚያው ጉዞ ፊልጵስዩስ ገብቶ ነው ልድያ ከነቤተሰቧ የተጠመቀችው። የተዘጋ በር ላይ ቆሞ ቢቀር ኖሮ...

ደግሞ ሌላም ወገን አለ፣ እውነቱን ለመናገር እኔን ይበልጥ የሚያደክመኝ እሱ ነው። ስለ ዘር ስትጠይቁት «እግዜር ያውቃል»፣ ስለ ጎተራው ስትጠይቁት «እግዜር ያውቃል»። እግዜርማ ያውቃል! ለዮሴፍም ያሳወቀው ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሳያልቁ ከምርቱ ከአምስት አንዱን እጅ እንዲያኖር ነው። ወንጌል ላይ የተወቀሰው ባለጸጋም ጎተራ አስፋ ብሎ አስቦ ነበር። ዮሴፍ ያከማቸው ለሕዝብ ነው፤ ያኛው ግን የተማከረው ከገዛ ነፍሱ ጋር ብቻ ነው፣ ያሰበውም ለራሱ ብቻ። ያዕቆብም በመልእክቱ ነገ ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን ሲገሥጽ ዕቅዳችሁን ጣሉ አላላቸውም፤ ጌታ ቢፈቅድ ብላችሁ ሥሩ ነው ያላቸው። ሙስሊም ወንድሞቻችን ኢንሻአላህ ብለው ሞፈር እንደሚያነሱት ማለት ነው።

የሰኔን ጾም ደግሞ ልብ በሉ። መፍቻው ሁልጊዜ ሐምሌ 5 ነው፤ መግቢያው ግን ጰራቅሊጦስን ተከትሎ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ጾሙ አንዳንዴ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ያጥራል። የእኛም አዝመራ እንደዚያው ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ስለገባ ዘግይቶ ይወጣልናል ማለት አይደለም። መግቢያው ሲዘገይ አጭር ቀን የሚበቃውን ሰብል መምረጥ ነው።

በቆሎ ላይ ዩሪያውን በአንዴ አትጨርሱት የምላችሁም ለዚሁ ነው። የተወሰነውን በዘር ጊዜ፣ ቀሪውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ያውም አፈሩ እርጥብ ሲሆን። እጃችሁ ላይ የቀረችው ከረጢት ዝናቡን አይታ ትወስናለች።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት፣ ማሽላው ያልያዘላችሁ ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ። ጸልዩ፣ ከዚያ እህሉን ስፈሩ። የሚበላውን ለዩ፣ አፉን አስራችሁ አስቀምጡት። የጤፉን መሬት ደጋግማችሁ እረሱ፣ ጤፍ ልል መሬት አይወድም፣ ስትዘሩ ረገጥ አድርጉት። የሽምብራ ዘር ያላችሁ ደግሞ ገበያው ቢያማልላችሁም እስከ መስከረም እንዳትሸጡት።