ሾፌሩ በግራ ነው

ልጄ የምትኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ «እማዬ፣ ነይና ልጁን እይልኝ» ብላ ወሰደችኝ። የልጅ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በአጭሩ። ፍቅሩ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ በምትዞር አንዲት ሰማያዊ ሞዴል የእንፋሎት ባቡር ላይ ነው። የባቡሯ ስም ማላርድ ነው።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳለ ላስደስተው ብዬ አጠፋሁ። ለጋቢናዋ የተገዙ፣ ገና ያልተለጠፉ ሁለት ትንንሽ ሰዎች ነበሩ። በዚያ አገር የመኪና መሪ በቀኝ ስለሆነ ሾፌሩን በቀኝ በኩል አቆምኩት። ከሰል ጨማሪውን ደግሞ አንድ እግሩን ባቡሯ ላይ፣ ሌላውን ከኋላዋ ባለው የከሰል ፉርጎ ላይ አድርጌ በሙጫ ለጠፍኩት። ልጁ መጥቶ አስነሳት። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከሐዲዷ ወጣች። አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ክፍሉ ገባ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ «ትክክለኛውን አንተ አሳየኝ» አልኩት። በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን ዮርክ ገባን። ብሔራዊ የባቡር ሙዚየሙ ከጣቢያው በእግር ቅርብ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። በሰፊው አዳራሽ እውነተኛዋ ማላርድ ቆማለች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር በመሮጥ ለእንፋሎት ባቡር የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበችው እሷ ናት። ሾፌሩ ጆ ደዲንግተን ያን ጊዜ 61 ዓመቱ ነበር፤ ከሰል የሚጨምርለት ደግሞ ቶሚ ብሬይ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው መሆኑን ስሰማ ቀና ብዬ ሄድኩ።

እዚያው ጎኑ ተከፍቶ ውስጡ የሚታይ ሌላ ሎኮሞቲቭ አለ። ቧንቧዎቹን ሳይ የአናቶሚ ትምህርቴ ትዝ አለኝ። አንድ አረጋዊ አስጎብኚ የጋቢናውን ሥራ አስረዱን። አነጋገራቸው ሲፈጥንብኝ ልጁ ይተረጉምልኛል፤ ቃል ሲጠፋው እኔ «አካፋ»፣ «ምድጃ» እያልኩ አቀብለዋለሁ።

ማላርድ ላይ ሾፌሩ በግራ መስኮት በኩል ነው፤ እጁ እንፋሎት መክፈቻው ላይ፣ ዓይኑ ከፊት ያለው ምልክት ላይ። የከሰል ጨማሪው መቀመጫ በቀኝ ነው። ሲሠራ ግን መሃል፣ ምድጃው በር አጠገብ ይቆማል፤ ከኋላው በአካፋ ዝቆ፣ ዞሮ ይጨምራል። ሌላ ሰው መሃል ከገባበት አካፋው መዞሪያ ያጣል። የግሬት ዌስተርን ኩባንያ ባቡሮች ሾፌር ግን በቀኝ ነው። ለካ ሳይጠይቁ አይለጠፍም!

ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። በማዋለጃ ክፍል ማን በየት በኩል እንደሚቆም ስንቱን ተማሪ አስተምሬያለሁ። ቦታውን ያልያዘ ረዳት፣ ልቡ ቅን ቢሆንም፣ የሌላውን እጅ ያሰናክላል።

ቤት ስንመለስ ልጁ ሰዎቹን በስለት ቀስ ብሎ አላቀቃቸው። የሱ ባቡር ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው እዚያ 23 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቆሙበትን መደብ ቆርጦ ጣለው፤ አለዚያ ራሳቸው ጣሪያውን ይነካል። መጀመሪያ እንደ ማስቲካ ባለ ተለጣፊ ሞከራቸው፤ የከሰል ጨማሪው ሁለቱም እግሮች ባቡሯ ወለል ላይ አረፉ። ፉርጎው መታጠፊያ ላይ ለብቻው ስለሚዞር ሁለቱን ረግጦ የቆመ ሰው መንገድ ይዘጋል። ባቡሯ ሦስት ጊዜ ያለ ችግር ከዞረች በኋላ ነው ሙጫ የተነካው።

እኔ እጄን ሰብስቤ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ቀና ሳይል «እማማ፣ መብራቱን ያዢልኝ» አለኝ፤ በአማርኛ። ያዝኩለት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ቦታዬ እዚያ ነው፦ በስተግራው፣ መብራቱን ይዤ።