የካማሪዛ ሰማያዊ ዝገት

ወደ ላቭሪዮ የሚሄደው ብርቱካንማ አውቶቡስ የሚነሳው አቴንስ መሃል፣ ከፔዲዮን አሬኦስ መናፈሻ ጎን ነው። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተሳፋሪው በአብዛኛው ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር መርከብ ለመያዝ የሚጣደፍ ነው። እኔ ድንጋይ ለማየት እንደምሄድ ስናገር አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሳቁ፤ "ለድንጋይማ ምን ላቭሪዮ ድረስ አስኬደህ?" አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ በመስኮት የሚታየው ድንጋይና ወይራ ብቻ ነበር።

የላቭሪዮ የማዕድን ሙዚየም ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት ከየጉድጓዱ የወጣ ማዕድን ይታጠብበት ነበር። በሩ ላይ የተቀበሉኝ አዛውንት የተሰበረ ግሪክኛዬን ታግሠው ሰሙና "ና ልጄ፣ መጀመሪያ ይህን እይ" ብለው ማጉያ መነጽር ሰጡኝ።

ቡናማ፣ ሸካራ ድንጋይ ነው። በዓይን ብቻ ሲያዩት አንዱ ጥጉ ላይ ሰማያዊ አቧራ ያረፈበት ይመስላል። በማጉያው ሲጠጉት ግን አቧራ የመሰለው ነገር ቀጫጭን፣ ጠፍጣፋ ክሪስታሎች ሆኖ ይገኛል፤ አብዛኞቹ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞሉም። ከአንድ ነጥብ ተነሥተው በየአቅጣጫው ተዘርግተዋል። ጫፋቸው ላይ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ወደ ሥራቸው ሲጠጋጉ ቀለሙ እየጠለቀ ይሄዳል። ስሙ ሰርፒዬራይት ነው፤ መዳብ፣ ዚንክና ካልሲየም ከሰልፌት ጋር ተጣምረው፣ ውኃም በውስጣቸው ይዘው የሠሩት ብርቅ ማዕድን። ለዓለም የታወቀው እዚሁ ላቭሪዮ አጠገብ ካለው ከካማሪዛ የማዕድን ጉድጓድ በወጣ ናሙና ነው።

አፈጣጠሩን አዛውንቱ በእጃቸው እየሳሉ ነገሩኝ። በካማሪዛ ተራራ ውስጥ እብነ በረድና ሺስት የሚባለው ቅጠላማ ድንጋይ ተደራርበው ተኝተዋል። በመገናኛቸው ላይ እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና ብረት ከድኝ ጋር ተዋህደው ይገኛሉ። አየርና ውኃ እስካልደረሰባቸው ድረስ ምንም አይሆኑም። ዝናብ በስንጥቁ ሲሰርግና አየር ተከትሎት ሲገባ ግን ድኙ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሃድና ውኃው ሰልፈሪክ አሲድ ያዘለ ይሆናል። ይህ ኮምጣጣ ውኃ መዳቡንና ዚንኩን አሟሙቶ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች እብነ በረድ ያገኛል። እብነ በረድ አሲድ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ካልሲየሙን ይለቅቃል፤ አሲዱንም ያበርደዋል። ሰማያዊው ማዕድን የሚወለደው በዚህ ጠባብ ድንበር ላይ ነው።

አሲዱ ከበረታ ሁሉም ሟሙቶ ይሄዳል። ከእብነ በረዱ የሚመጣው ካርቦኔት ከበዛ መዳቡ አረንጓዴ ማላካይት ይሆናል። ዚንኩ ከጠፋ ደግሞ ዴቪሊን የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ይወጣል። ስለዚህ ብርቅ ያደረገው የንጥረ ነገሮቹ ብርቅነት አይደለም፤ መዳብም ዚንክም ካልሲየምም ሞልቷል፤ የማይገኘው ልኩ ነው። እንደ ቆርቆሮ ዝገት የተራራ ዝገት ነው ብንል አያስኬድም አይባልም፤ ብቻ ይኼኛው ዝገት አምሮበታል።

ስሙን ግን አልወደድኩለትም። ፈረንሳዊው የማዕድን ሊቅ አልፍሬድ ዴ ክሎዋዞ እ.ኤ.አ. በ1881 ሲሰይመው ያከበረው ጣሊያናዊውን ባለሀብት ጆቫኒ ባቲስታ ሰርፒዬሪን ነው። ሰርፒዬሪ በ1860ዎቹ ላቭሪዮ መጥቶ የጥንት ሰዎች የጣሉትን የማቅለጫ ዝቃጭ እንደገና አቅልጦ እርሳስና ብር ማውጣት ጀመረ። የተጣለው ክምር የማን ነው በሚለው ጥያቄ ከግሪክ መንግሥት ጋር የገባው ሙግት የአውሮፓን ዲፕሎማቶች ሳይቀር አነካክቷል። ብልህ ነጋዴ እንደነበር አልክድም።

ክምሩን የተዉት ሰዎች ስም ግን የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 ገደማ እዚህ የበለጸገ የብር ማዕድን ተገኘ። አቴናውያን ገንዘቡን ለየሰዉ ሊከፋፈሉት ሲሉ መሪያቸው ቴሚስቶክሌስ የጦር መርከብ ይሠራበት ብሎ አሳመናቸው፤ በ480 በሳላሚስ የባሕር ውጊያ ፋርሶችን ድል የነሡት በእነዚያ መርከቦች ነው። ብሩን ያወጡት ሰዎች አብዛኞቹ ባሪያዎች ነበሩ። ኒኪያስ የተባለው ባለጠጋ አንድ ሺህ ባሪያዎቹን ለማዕድን ሥራ እያከራየ በአንድ ሰው በቀን አንድ ኦቦል የሚባል ሳንቲም ይቀበል እንደነበር የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ዜኖፎን ጽፎታል። እነሱም፣ ከእነሱ በኋላ የሰርፒዬሪ ሠራተኞችም፣ ተራራውን ሲቦረቡሩ ለአየርና ለውኃ በር ከፈቱ። ሰርፒዬራይት በሌሎች አገሮች ከአሮጌ የማቅለጫ ዝቃጭ ላይ ጭምር ተገኝቷል፤ የሰው እጅ ያለበት ነገር ነው።

ይህን ስናገር አዛውንቱ ወደ ሌላ ሣጥን ወሰዱኝ። ውስጡ ላውሪዮናይት የሚባል ነጣ ያለ ማዕድን አለ። ሰልፌት አይደለም፤ የእርሳስ ክሎራይድ ሃይድሮክሳይድ ነው። የጥንቶቹ ዝቃጭ ባሕር ውስጥ ተጥሎ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሲቆይ የጨው ውኃው በክፍተቶቹ ውስጥ ሠራው። በዛሬው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ሰው ከሠራው ነገር ላይ የበቀለ አዲስ ግኝት እንደ ማዕድን አይመዘገብም፤ ላውሪዮናይት ቦታውን ያገኘው ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ስለተመዘገበ ነው።

"እኔ ደንቡን አልቀበለውም" አሉ አዛውንቱ። "የሠራው ባሕሩ ነው።"

"ዝቃጩንስ ማን ጣለው?" አልኳቸው።

"እሱንማ ሂድና ኒኪያስን ጠይቅ" ብለው ሣጥኑን ቆለፉት።