ዝም፣ ዜማ፣ ዘሚ

ሙሾ ሲወርድ አንቱታ የለም። በቁምሽ አግኝቼሽ ቢሆን «እትዬ ዘሚ» ብዬ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር የማናግርሽ። ዛሬ ግን ዘሚዬ ልበልሽ።

ቢቸና ሳድግ ከቁልቋሉ አጥራችን ማዶ የማይናገር ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ጤፍ አጨዳ ሲወርዱ እግሩን በገመድ ከምሰሶው ጋር ያስሩታል። በክፋት አልነበረም፤ ወንዝ እንዳይገባባቸው ፈርተው ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። አንዱ ጎረቤት እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው ልክፍት፤ ያልሄዱበት ጠበል አልነበረም። እኛ የኔታ ዘንድ ሀ ሁ ሂ ብለን ስንጮህ ግን እሱ ከታሰረበት ሆኖ ዜማውን ይቀበለን ነበር። ቃል የለው፣ ፊደል የለው፤ እኛ ከፍ ስንል ከፍ፣ ዝቅ ስንል ዝቅ። አንድ ቀን የኔታ አለንጋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙት። «ዜማ አለው ይሄ ልጅ» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ዲማ ጊዮርጊስን የሚያህል የቅኔ ደብር ከአጠገባችን እያለ፣ ያን ልጅ አንድ ፊደል የሚያስይዘው ጠፋ።

አንቺ ነበርሽ የጎደልሽው። ሐኪም አልነበርሽም፤ ከአሜሪካ ተመልሰሽ የውበት ሥራ የምታስተምሪ፣ ልጅሽን ትምህርት ቤት ሁሉ የመለሰብሽ እናት ነበርሽ። ሌላው ቢሆን ጓዳ ይደብቃል። አንቺ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቋምሽ፤ አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በር ከፈትሽ። አደባባይ ወጥተሽ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል፣ ስም ለሌለው ነገራችን ስም አድርገሽ ሰጠሽን። ለልጆቹ አፍ መፍቻ ያደረግሽው ደግሞ የራሳችንን ፊደል ነው፤ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» አልሽው። ያን የሰማሁ ቀን ከአጥር ማዶ ያለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ዝም፣ ዜማ፣ ዘሚ፤ ሦስቱም ከዘ እና ከመ ናቸው። ቅኔ አገር ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን እንዳላየ አያልፍም፤ ይቅር በይኝ።

ሞጣ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ሰባራ ድልድይን ባሰብኩ ቁጥር ትመጪብኛለሽ። ከዐፄ ፋሲል ዘመን የሚቆጠረው የዐባይ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ወገቡ ከተሰበረ በኋላ፣ ሰዉ በገመድ ነበር የሚሻገረው። ተሻጋሪው ገመዱን ይይዛል፣ ማዶ ያሉት ይስቡታል፤ ከእግሩ በታች ዐባይ ይጮኻል። ገመድ እንግዲህ ያው ገመድ ነው፤ እኛ ጋ ልጅ ማሰሪያ፣ እዚያ ሰው ማሻገሪያ። ያ ስብራት መጀመሪያ የተጠገነው ማዕከልሽ በተከፈተበት በዚያው ዓመት ነው። ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ እንደገና ሠሩት። ላንቺስ እንደገና የሚሠራ አለ?

በ2013 ዓ.ም. ማረፍሽ ሲነገር ሐሳቤ የሄደው ወደ ልጆችሽ ነው። ለቅሶ የቃል ሥራ ነው፤ አልቃሿ ትሰጣለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። ቃል የሌለው በምን ይቀበል? ማን ነገራቸው? ምን ብሎ? የለመደው ኩባያ ቢቀየርበት ውሃ የማይጠጣ ልጅ፣ የለመደው ፊት ሲጎድልበት ምን ያደርጋል? ምናልባት በሩን እያየ ይቆማል። ምናልባት እኛ በሦስተኛው ቀን ከድንኳን ስንወጣ እሱ ገና መጀመሩ ነው።

እኔ ክፍል ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አለ። ጠዋት ገብቶ ቆርኪ ያሾራል፤ እስኪወድቅ ያየዋል፣ ያነሣዋል፣ ደግሞ ያሾረዋል። ፊቱ ተንበርክኬ ከንፈሬን ገጥሜ «መ» እለዋለሁ። አያየኝም። ይኸው ስንት ወር። ባለፈው ማክሰኞ ቆርኪው ወደቀና አላነሣውም። እጁን ሰድዶ ከንፈሬን ዳሰሰ፤ ሻካራ ጣት፣ የበሶ ሽታ ያለው። ከዚያ የራሱን ከንፈር ገጠመ። ድምፅ አልወጣም። ከንፈሩን ግን እንደ ገጠመ፣ ዐይኔን እያየ ቆየ።

ዘሚዬ፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን ነበር የምታደርጊው?